ርካሹ ፕላን የቱ ነው? በአሜሪካ የግል ጤና ኢንሹራንስ በዓመት ሒሳብ ሲመዘን

ኖቬምበር 1 ማርኬትፕሌሱ፣ ማለትም መንግሥት ያቋቋመው የጤና ኢንሹራንስ መገበያያ፣ ሲከፈት ብዙ ሰው ፕላኖቹን በወርሃዊ ክፍያቸው ይደረድርና ከላይ የመጣውን ትንሹን ቁጥር ይወስዳል። ኡበር ወይም ታክሲ ለሚነዳ፣ የራሱን ሱቅ ለሚያንቀሳቅስ፣ አሠሪው ኢንሹራንስ ለማይሰጠው ሰው ይህ ምርጫ በየዓመቱ ይመጣል። ስህተቱ የሚታወቀው ግን ዘግይቶ፣ የሆስፒታል ቢል ከፖስታ ሳጥን ሲወጣ ነው።

ፕሪሚየም፣ ማለትም ታመማችሁም አልታመማችሁም በየወሩ የምትከፍሉት፣ ከዋጋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ቀሪው የሚመጣው ስትታከሙ ነው። ኢንሹራንሱ ድርሻውን መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣው ዲዳክቲብል ይባላል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ቀጠሮ የተቆረጠ ገንዘብ ከከፈላችሁ ኮፔይ፣ ከቢሉ በመቶኛ ከከፈላችሁ ደግሞ ኮኢንሹራንስ ነው። በመጨረሻ የዓመቱ ጣሪያ አለ፤ አውት ኦፍ ፖኬት ማክሲመም የሚሉት። እዚያ ከደረሳችሁ በኔትወርኩ ውስጥ፣ ማለትም ከፕላኑ ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች፣ ለሚሸፈን ሕክምና እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ዶላር አትጨምሩም። ሕጉ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው ከፍተኛ ጣሪያ በ2025 9,200 ዶላር ነበር፤ ለ2026 ወደ 10,600 ዶላር ከፍ ብሏል። ፕሪሚየሙ በዚህ ጣሪያ ውስጥ አይቆጠርም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ፕላን በሁለት ዓይነት ዓመት መዝኑት፤ ደህና ሆናችሁ በምታሳልፉት ዓመትና ክፉ በሚመጣበት ዓመት። ለደህናው ዓመት ፕሪሚየሙን በ12 አባዙና የምታውቋቸውን ወጪዎች ደምሩበት፤ የምትወስዱት መድኃኒት፣ የተለመዱት ቀጠሮዎች። ለክፉው ዓመት ፕሪሚየሙን በ12 አባዙና ሙሉውን የዓመት ጣሪያ ደምሩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ በማያ ገጹ ላይ ከነበረው ሌላ ደረጃ ታያላችሁ።

ለምሳሌ ያህል ብሮንዝ፣ ሲልቨርና ጎልድ ከሚባሉት የፕላን ደረጃዎች ሦስት ፕላኖች ላስቀምጥ። ብሮንዙ ከድጎማ (መንግሥት በገቢያችሁ መሠረት ከፕሪሚየሙ ከሚሸፍንላችሁ) በኋላ በወር 180 ዶላር፣ ዲዳክቲብሉ 7,500፣ ጣሪያው 10,000 ይሁን። ሲልቨሩ በወር 310፣ ዲዳክቲብሉ 5,000፣ ከዚያ በኋላ የእናንተ ድርሻ 30 በመቶ፣ ጣሪያው 9,000። ጎልዱ በወር 340፣ ዲዳክቲብሉ 1,500፣ ድርሻችሁ 20 በመቶ፣ ጣሪያው 7,500። ሐኪም ቤት ሳትረግጡ ዓመቱ ካለፈ ብሮንዙ 2,160፣ ሲልቨሩ 3,720፣ ጎልዱ 4,080 ዶላር ይወስዳሉ። ከባድ ሕመም ወይም አደጋ ከመጣ ደግሞ በቅደም ተከተል 12,160፣ 12,720 እና 11,580 ይሆናሉ። በወር ውድ የነበረው ጎልድ በክፉው ዓመት ርካሹ ሆነ። መካከል ላይ ስላለ ብቻ ልከኛ የሚመስለው ሲልቨር በሁለቱም ዓመት ተሸነፈ።

ብሮንዙና ጎልዱ የሚተካከሉበት ነጥብም አለ። በፕሪሚየም ልዩነታቸው በዓመት 1,920 ዶላር ነው። ከ1,500 ዶላር በላይ በሚመጣ ቢል ላይ የጎልድ ባለቤት ከእያንዳንዱ ዶላር 20 ሳንቲም ሲከፍል የብሮንዝ ባለቤት ገና ዲዳክቲብሉን ስላልጨረሰ ሙሉውን ዶላር ይከፍላል። ያ የ80 ሳንቲም ልዩነት ተጠራቅሞ 1,920 የሚሞላው የዓመቱ ቢል 3,900 ዶላር ሲደርስ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለቱም በድምሩ 6,060 ያስከፍላሉ። ቢላችሁ ከዚያ ካነሰ ብሮንዝ ያዋጣል፣ ከበለጠ ጎልድ። ስፔሻሊስት የሚከታተለው፣ ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት፣ ወይም ልጅ የሚጠበቅበት ቤት ይህን ቁጥር በቀላሉ ያልፋል። እናንተም የራሳችሁን ፕላኖች ቁጥር አስገብታችሁ ሥሩት፤ ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል።

ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም የሚሉት ስሞች የሐኪሞቹን ጥራት አይናገሩም። ፕላኑ በአማካይ ከሕክምናው ወጪ ስንት እጅ እንደሚሸከም ነው የሚለዩት፤ 60፣ 70፣ 80 እና 90 በመቶ። ይህ የብዙ ሰው አማካይ እንጂ ከእናንተ ቢል ላይ የሚነሣው መቶኛ አይደለም። ፕሪሚየሙን የሚወስኑትም ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ የምትኖሩበት አካባቢ፣ ዕድሜ፣ ትምባሆ፣ የሚሸፈነው ሰው ብዛትና የመረጣችሁት ፕላን። የ64 ዓመት ሰው ከ21 ዓመት ወጣት እስከ ሦስት እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል፤ ትምባሆ የሚጠቀም ደግሞ በብዙ ስቴቶች እስከ 50 በመቶ ጭማሪ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ካንሰር ወይም እርግዝና ግን በማርኬትፕሌስ ፕላን ዋጋ ላይ ሳንቲም አይጨምሩም፤ ለመከልከልም ምክንያት አይሆኑም። ይህን ፈርቶ ከምዝገባ የሚቀር ሰው መኖሩ ያሳዝናል።

አሁን ብዙ ገንዘብ ወደሚጠፋበት ቦታ ልምጣ። ለአንድ ሰው፣ ለ2026 ሽፋን የሚሠራበት የፌዴራል የድህነት ወሰን 15,650 ዶላር ነው። የዓመት ገቢያችሁ ከዚህ ወሰን 250 በመቶ፣ ማለትም ከ39,125 ዶላር ካልበለጠ፣ ፕሪሚየም ከሚቀንሰው ድጎማ ሌላ ሁለተኛ ድጎማ አለላችሁ። እሱ ዲዳክቲብሉን፣ ኮፔዩንና ጣሪያውን ያወርዳል፤ የሚገኘው ግን ሲልቨር ስትመርጡ ብቻ ነው። ገቢያችሁ እስከ 23,475 ዶላር ከሆነ ሲልቨሩ 94 በመቶ የሚሸከም ይሆናል፤ ከፕላቲነም ይበልጣል ማለት ነው። እስከ 31,300 ከሆነ 87 በመቶ፣ እስከ 39,125 ከሆነ 73 በመቶ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እርከኖች ብዙ ሺህ የነበረው ዲዳክቲብል ወደ ጥቂት መቶዎች ሊወርድ ይችላል።

እንግዲህ 28,000 ዶላር ገቢ ያለው ሰው በወር ዜሮ ዶላር የሚል ብሮንዝ አይቶ ሲደሰት የሚተወው ይህንን ነው። የወሩን ክፍያ ለማዳን ብሎ አንድ የድንገተኛ ክፍል ጉብኝት ሺዎችን የሚያስከፍለው ፕላን ውስጥ ይገባል። ገቢያችሁ ከ31,300 በታች ከሆነ መጀመሪያ ሲልቨሮቹን ብቻ ለይታችሁ እዩ፤ እኔ በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። በሦስተኛው እርከን፣ በ73 በመቶው፣ ጥቅሙ ቀጭን ስለሆነ ከጎልድ ጋር አወዳድሩት።

ከ39,125 በላይ ለሆነ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። በ2017 የፌዴራል መንግሥት ለዚያ ሁለተኛ ድጎማ ለኩባንያዎች ይከፍል የነበረውን ገንዘብ ሲያቆም፣ አብዛኞቹ ወጪውን በሲልቨር ፕሪሚየም ላይ ጫኑት። ስለዚህ በብዙ ቦታ ሲልቨር ያለ አግባብ ውድ ነው፤ ጎልድ ከሲልቨር እኩል፣ አልፎ አልፎም ከሱ ረክሶ ይገኛል። ከላይ ባለው ምሳሌ ሲልቨሩ የተሸነፈበት ምክንያትም እንዲህ ያለው ነው።

ማመልከቻው ላይ የሚጠየቀው ገቢ የሚመጣው ዓመት ገቢ ነው፤ በግል ለሚሠራ ደግሞ ከወጪ ቀሪ የሆነው። ሾፌር ከኡበር የገባለትን ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን በታክስ ፎርሙ ስኬጁል ሲ ላይ ማይሉንና ሌላውን ወጪ ቀንሶ የሚያሳየውን ትርፍ ነው የሚጽፈው። የ2025 የማይል ሒሳብ በማይል 70 ሳንቲም ነበር፤ 30,000 ማይል ለሥራ የነዳ ሰው 21,000 ዶላር ይቀንሳል ማለት ነው። ጠቅላላውን የሚጽፍ ሰው ድጎማውን በገዛ እጁ ያጣል። በጣም ዝቅ ማድረግም ሌላ ጣጣ አለው፤ ቴክሳስን በመሰለ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ሽፋን፣ ባላሰፋ ስቴት ትርፋችሁ ከ15,650 በታች ከወረደ በጠቅላላው ለፕሪሚየም ድጎማ ብቁ አትሆኑም፤ ሜዲኬይድም ላይሰጣችሁ ይችላል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ግን ሜዲኬይድን አስፍተዋል።

ዓመቱ ሲያልቅ 1095-ኤ የሚባል ፎርም ይላክላችኋል፤ በሱ ላይ ተመሥርታችሁ ፎርም 8962 ትሞላላችሁ። ገቢያችሁ ከገመታችሁት በልጦ ከተገኘ ትርፍ የወሰዳችሁትን ድጎማ ትመልሳላችሁ። ቀድሞ የሚመለሰው ገንዘብ ለብዙው ሰው ገደብ ነበረው፤ ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ ገደቡ ተነሥቷል፣ ሙሉው ይመለሳል። ከ2021 ጀምሮ የነበረው የተጨመረ ድጎማም በ2025 መጨረሻ አብቅቷል፤ በነባሩ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ገቢው ከ62,600 ዶላር፣ ማለትም ከድህነት ወሰኑ 400 በመቶ፣ ካለፈ በአንድ ዶላር እንኳ ቢሆን ድጎማው በሙሉ ይቀራል። ገቢያችሁ በዚያ አካባቢ ከሆነ ገቢው በተለወጠ ቁጥር ማርኬትፕሌሱ ላይ አስተካክሉ፤ ለባህላዊ አይአርኤ፣ ለሴፕ አይአርኤ (ሁለቱም የጡረታ ቁጠባ ናቸው) ወይም ለኤችኤስኤ (ለሕክምና ወጪ የሚቀመጥ ከታክስ ነፃ ቁጠባ) የሚገባ ገንዘብ የሚቆጠረውን ገቢ እንደሚቀንስም ለታክስ ሠሪያችሁ አስታውሱ። ከ2026 ጀምሮ በማርኬትፕሌስ የሚሸጡ ብሮንዞች ሁሉ ኤችኤስኤ ለመክፈት ይፈቅዳሉ፤ የአንድ ሰው የ2026 ገደብ 4,400 ዶላር ነው። ጤነኛና ገቢው ሻል ላለ ሰው ብሮንዝን የሚያስመርጠው ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል።

ስለ መኖሪያ ወረቀትም አንድ ነገር። በ2025 የወጣው ሕግ ከ2027 ጀምሮ የፕሪሚየም ድጎማውን በዋናነት ለዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ይገድበዋል። ስደተኛና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግሪን ካርድ ካልያዘ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሙሉውን ዋጋ ይጠየቃል። ማመልከት የሚችል ሰው ለግሪን ካርድ የሚያመለክትበትን ጊዜ ባያዘገይ ይሻላል።

ቁጥሩ ከተሠራ በኋላ የቀሩትን ሁለት ሦስት ፕላኖች በኔትወርክና በመድኃኒት ፈትኑ። ኤችኤምኦና ኢፒኦ የሚባሉት የፕላን ዓይነቶች ከኔትወርክ ውጪ ያለን ሐኪም፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ አይሸፍኑም፤ ፒፒኦ በከፍተኛ ዋጋ ይሸፍናል። ለሐኪሙ ቢሮ ስትደውሉ የኩባንያውን ስም ብቻ እየጠራችሁ “ትቀበላላችሁ?” አትበሉ፤ ያው ኩባንያ ብዙ ኔትወርኮች ስላሉት መልሱ አዎ ሆኖ ቢሉ ሊመጣ ይችላል። የፕላኑን ሙሉ ስም አንብቡላቸው። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ በድንገተኛ ክፍል ከኔትወርክ ውጪ የሆነ ሐኪም ቢያያችሁ ካልተጠበቀ ቢል ይጠብቃችኋል፤ በመንገድ የሚሄደው አምቡላንስ ግን እዚያ ውስጥ የለም። መድኃኒት በየጊዜው የምትወስዱ ከሆነ ፎርሙላሪ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ በስሙና በሚሊግራሙ ፈልጉት፤ በየትኛው እርከን እንዳለና ዲዳክቲብሉ እሱንም ይነካው እንደሆነ እዩ።

እያንዳንዱ ፕላን የጥቅምና ሽፋን ማጠቃለያ የሚባል በአንድ ዓይነት አቀራረብ የተዘጋጀ ሰነድ አለው። ከመጨረሻው አካባቢ ልጅ መውለድን፣ የስኳር በሽታ ክትትልንና የአጥንት ስብራትን እንደ ምሳሌ አድርጎ ታካሚው የሚከፍለውን ያሳያል። በሰንጠረዡ ውስጥ ደግሞ ለሐኪም ጉብኝት “ዲዳክቲብሉ አይመለከተውም” የሚል ሐረግ ፈልጉ፤ ዲዳክቲብላቸው እኩል የሆኑ ሁለት ብሮንዞች በዚህ አንድ ሐረግ በጣም ይለያያሉ፤ አንዱ ከመጀመሪያው ቀን በኮፔይ ያሳያችኋል፣ ሌላው ሙሉ ዋጋ ያስከፍላችኋል። የዓመቱ የመከላከያ ምርመራ በኔትወርክ ውስጥ በነፃ ነው፤ እግረ መንገዳችሁን አዲስ ሕመም ካነሣችሁ ግን ለዚያ የተለየ ቢል ሊመጣ ይችላል።

በስልክ ወይም በማስታወቂያ በጣም ርካሽ የሆነ ፕላን ከቀረበላችሁ አጭር ጊዜ የሚባለው ዓይነት፣ ወይም በሆስፒታል ቀን የተቆረጠ ገንዘብ የሚሰጥ፣ ወይም የሃይማኖት ማኅበር የወጪ መጋራት እንዳይሆን ጠይቁ። እነዚህ ነባር ሕመምን ላይሸፍኑ፣ የዓመት ጣሪያም ላይኖራቸው ይችላል፤ ከላይ ያለው ሒሳብ በእነሱ ላይ አይሠራም። ምዝገባችሁን በስቴታችሁ ማርኬትፕሌስ ፈጽሙ፤ በሜሪላንድ ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን፣ በዲሲ ዲሲ ሄልዝ ሊንክ፣ በካሊፎርኒያ ካቨርድ ካሊፎርኒያ፣ በጆርጂያ ጆርጂያ አክሰስ፣ በቴክሳስ ሄልዝኬር ዶት ገቭ። አምና የመረጣችሁት ፕላን በራሱ እንዲታደስ አትተዉት፤ ድጎማው የሚሰላው በአካባቢያችሁ ሁለተኛው ርካሽ ሲልቨር ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ እሱ ሲለወጥ ፕላናችሁ ሳይነካ የእናንተ ክፍያ ሊጨምር ይችላል።

በሄልዝኬር ዶት ገቭ ሽፋኑ ጃንዋሪ 1 እንዲጀምር እስከ ዲሴምበር 15 መምረጥ ያስፈልጋል። ሥራ ያጣ፣ ያገባ፣ ልጅ የወለደ ሰው ከምዝገባ ወቅት ውጪም አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን አለው። ፕላን መምረጥ ብቻውንም አይበቃም፤ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ለራሱ ለኢንሹራንስ ኩባንያው በተባለው ቀን ካልከፈላችሁ ሽፋኑ ጭራሽ አይጀምርም።