ወንበሮቹን ቶሎ አትሰብስቡ

መሥሪያ ቤታችን ሁለት ፎቅ ይዟል። የላይኞቹና የታችኞቹ ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ ሁሉም ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። ለምን የታሪክ ምሽት አናዘጋጅም ተባለ። ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ኒውዮርክ ውስጥ ጆርጅ ዳውስ ግሪን የሚባል ደራሲ በ1997 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ዘ ሞዝ» የተሰኘ መድረክ አለ። ሰዎች በራሳቸው ላይ የደረሰን እውነተኛ ታሪክ፣ ያለ ወረቀት፣ ታዳሚ ፊት ቆመው ያወራሉ። መድረኩ በሚያዘጋጀው የታሪክ ውድድር ላይ 10 ስም በዕጣ ይወጣል፤ ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ነው። እኔም ቁጥሩን እንዳለ ገለበጥኩት። ደወል ሳይቀር ገዛሁ።

ስድስተኛው ዕጣ ለሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ደረሰው። ስብሰባ ላይ ድምፁን ሰምተን አናውቅም። እጁን ኪሱ ከትቶ ስለ አባቱ ጀመረ። አባትየው የመርሳት ሕመም ይዟቸው ልጃቸውን «ወንድም ጋሼ» እያሉ ይጠሩት ነበር። መጀመሪያ አካባቢ «አባዬ፣ እኔ እኮ ልጅህ ነኝ» ይላቸዋል። ያለቅሳሉ። በኋላ ማረሙን ተወው። «ወንድም ጋሼ» ሲሉት «አቤት» ማለት ጀመረ።

አዳራሹ ጭጭ አለ። እኔ ደግሞ ደወሌን አቃጨልኩ። 5 ደቂቃ ሞልቷላ!

ቀጣዩ ልጅ ቁልፉ ስለጠፋበት ቀን አወራ። ማን ይስማው። አሥሩም እንዳለቁ ወንበር መደራረብ ጀመርን። ከላይኛው ፎቅ የሆነች ሴት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ሰውዬው ስትጠጋ አየኋት። «ይቅርታ፣ አዳራሹ ሊዘጋ ነው» አልኩ። ቆም አለች። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች።

በማግስቱ ሊፍት ውስጥ ሁሉም ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ግን አልማረችኝም፦ «የሰውን ሁሉ ሆድ አባብተህ ወደ ቤት አባረርከን እኮ!»

እውነቷን ነው። እኔ ምሽቱ መድረኩ ላይ ያለ መስሎኝ ነበር። ሰው ግን የሌላውን ሲሰማ የራሱ ይመጣበታል፤ የመጣበትን ደግሞ ለአንድ ሰው ማውራት ይፈልጋል። ለዚህ ደቂቃ አልመደብኩም።

ለሁለተኛው ዙር ተናጋሪዎቹን 5 አደረግን። ወንበሩን በክብ ደረደርን። ከሦስተኛው ታሪክ በኋላ የግማሽ ሰዓት እረፍት ገባ። ደወሉን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

እረፍት ላይ ያቺ ሴት ሰውዬውን አገኘችው። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። እሷ በእጇ የሆነ ነገር እያሳየች ታወራለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ግማሽ ሰዓቱ አለቀ። «እንቀጥል» አልኩ። የሚሰማኝ የለም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ሁለቱ ቀሪ ተናጋሪዎች ራሳቸው ጥግ ይዘው ከማያውቁት ሰው ጋር ይንከተከታሉ።

ደወሉ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።