ከቢጫው ሥር ያለው

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትንሽ የሥዕል ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ለሆቴል፣ ለካፌ፣ ለቢሮ ግድግዳ የሚሆን ሥዕል በትእዛዝ እንሠራለን። ከሚታዘዘው ውስጥ ብዙው አበባ ነው። አበባ ቀላል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም። በተለይ ቢጫ አበባ ሸራ ላይ ማስቀመጥ ከሰው ፊት ባልተናነሰ ይፈትናል።

ነሐሴ ላይ ነው፤ መሀል ከተማ ያለ አንድ ሆቴል ለእንቁጣጣሽ ሎቢው ውስጥ የሚሰቀሉ ስድስት ትልልቅ የአደይ አበባ ሥዕሎች አዘዘን። ጊዜው አጭር ስለሆነ በአክሪሊክ ቀለም እንዲሠራ ተስማማን። አክሪሊክ የሚደርቀው ውስጡ ያለው ውሃ ሲተን ነው፤ ስስ ከሆነ ደቂቃዎች ይበቁታል። ዘይት ቀለም ግን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፣ አንዱ ድርብ እስኪደርቅ ቀናት፣ ወፈር ካለ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል፤ በዓል ደግሞ አይጠብቅም። ሸራዎቹን ያቀረበው ሆቴሉ ራሱ ነው። አናጢያቸው ፍሬሙን ሠርቶ፣ ጨርቁን ወጥሮ፣ ፕራይመር የሚባለውን ከሥዕሉ በፊት የሚቀባ ነጭ መነሻ ቀብቶ ላከው። ያመጣው ሰው «ፕራይመሩ ተቀብቶ ያለቀ ነው፤ የእናንተ ሥራ መሣል ብቻ ነው» አለን።

ሠራን። አራቱ አልቀው ግድግዳ ላይ ተደርድረው ነበር። ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ እንዲተርፍ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈን ነበርና እሱን ማንሳት ጀመርኩ። ፕላስተሩ ሲነሳ ቢጫው አብሮ መጣ። ጠርዙ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። መዳፍ የሚያህል ቀለም እንደ ወተት ስልባቦት ሳይበጠስ ተገፎ ወጣ፤ ከሥሩ ያለው ነጭ ምንም ሳይነካው ቀረ። ሌላውን ሞከርኩ። ያው ነው።

ጋሼ የምንላቸው ትልቁ ሠዓሊያችን መጡ። የተማሩት ስድስት ኪሎ አጠገብ ያለው፣ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን በሙሉ ብሩሽ ይዘዋል። ምንም አልተናገሩም። ጥጥ አስመጡና አልኮል ነክረው የተጋለጠውን ነጭ ደጋግመው አሹት። ጥጡ ንጹሕ ነው።

«ይሄ የበር ቀለም ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ያለው ቀለም፣ ማለትም ፕላስቲክ ቀለምም ሆነ አክሪሊክ፣ አልኮል ሲነካው ይለሰልስና ጥጡ ላይ ይወጣል። ለበርና ለመስኮት የሚቀባው ዘይት ቀለም ግን አይበገርም። አናጢው የሚያውቀውን ቀለም ነው የቀባው፤ ለእንጨት ቢሆን ጥሩ ሥራ ነበር። ግን የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ላይ አክሪሊክ የሚይዝበት ነገር አያገኝም። ላዩ ላይ ተኝቶ ይደርቃል እንጂ አይጣበቅም። ተቃራኒው ይቻላል፤ በደረቀ አክሪሊክ ላይ ዘይት መቀባት በየቦታው የሚሠራበት ነው። አክሪሊክ በዘይት ላይ ግን አይሆንም። ዛሬ ባይላቀቅ ከወራት በኋላ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ይላቀቅ ነበር፤ ያ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

በዚህ መሀል ብሩሽ የሚያጥብልንና ሙያውን እየተማረ ያለው ልጅ ቀስ ብሎ «እኔ አቧራውን ስጠርግ በጣም ያብለጨልጭ ነበር» አለ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» አልኩት።

«አልቋል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ነው።»

ጋሼ አልተቆጡትም። «አይተኸዋል እኮ፣ ልጄ። ያየኸውን ንገረን፤ ልክ ይሁን አይሁን አብረን እናጣራለን» አሉት። እኔ ከዚያ ሰሞን ሁሉ በላይ የማስበው ይህንን ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ከነበርነው ሰዎች ሸራውን በትክክል ያየው እሱ ነበር፤ ሆኖም የመናገር መብት ያለው አልመሰለውም። አዲስ ሠራተኛ ያለበት የሥራ ቦታ ሁሉ ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ለሆቴሉ ደወልን። የግዥው ኃላፊ መጀመሪያ ተናደዱ፣ መጥተው የቀለሙን ጫፍ በራሳቸው ጣት ሲስቡት ግን ገባቸው። የአዲሱን ጨርቅ ዋጋ ለመሸፈን ተስማሙ፤ ቀኑን ግን ማራዘም አልቻሉም። ዘይቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ላዩ ላይ በዘይት ቀለም መሣል አንድ አማራጭ ነበር፤ ግን ለእንቁጣጣሽ አይደርቅም። ስለዚህ ፍሬሙን አስቀርተን ጨርቁን ገፈፍነው። ከመርካቶ ወፍራም አቡጀዲ አመጣን፣ ወጠርን፣ ጄሶ ቀባን፤ የግድግዳውን ጄሶ ሳይሆን የሠዓሊዎችን ነጭ ፕራይመር ማለቴ ነው። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ሲደርቅ በስሱ ማሸት፣ ከዚያ ወደ ታች። የነሐሴ ብርድና እርጥበት ማድረቁን ያጓትታል፤ ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ አክሪሊክ በደንብ አይያያዝምና ሸራዎቹን ማታ ማታ ወደ ውስጠኛው ክፍል እናስገባ ነበር።

እንደገና መጀመራችን ካልቀረ ጋሼ አሠራሩንም ቀየሩት። የመጀመሪያዎቹን ስንሠራ አረንጓዴውን ሜዳ ጨርሰን ቢጫውን ቀጥታ ላዩ ላይ ነበር ያሳረፍነው። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው። ግን ቢጫ ደካማ ቀለም ነው፣ አብዛኛው ቢጫ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። አረንጓዴ ላይ ሲያርፍ የታመመ ይመስላል። ጋሼ መጀመሪያ ጀርባውን ጨለም ያለ ሐምራዊ ግራጫ አስደረጉት፤ ሐምራዊ የቢጫ ተቃራኒ ስለሆነ አጠገቡ ሲሆን ቢጫው ራሱ ይነሳል። ከዚያ እያንዳንዱን አበባ በቲታኒየም ነጭ ብቻ አስሣሉን። ሸራው ሁሉ ነጭ አበባ ሆነ። ልጁ ግራ ገብቶት ያይ ነበር። ነጩ ከደረቀ በኋላ ነው ቢጫው በስሱ የገባው፤ ያኔ ብርሃኑ ነጩን መትቶ በቢጫው ውስጥ ይመለሳል። አበባዎቹ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደመቁ።

ጥላው ላይም ያለ ነገር አለ። ቢጫን ለማጥቆር ጥቁር የሚጨምር ሰው አረንጓዴ ነው የሚያገኘው፤ ሞክሩት፣ ቅጠል መሰል ቀለም ይወጣል። ኦከር የሚባለው የአፈር ቢጫ፣ ትንሽ የሸክላ ቡናማ፣ ጥልቅ ለሆነው ቦታ የሐምራዊ ጠብታ ይበቃል። ቱቦ ውስጥ ያለው አረንጓዴም እንዳለ አይቀባም፣ ይጮኻል፤ ቀይ ጠብ ሲደረግበት ነው የሜዳ ሣር የሚመስለው።

አደይን ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። ልጁ ከእንጦጦ ቀድመው የፈኩትን አመጣልንና ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጥናቸው። ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ቅጠሎች አብዛኛውን ጊዜ 8 ናቸው፣ ቁመታቸው እኩል አይደለም፣ መሀሉ ላይ ያለው ክብ ደግሞ አንድ ነገር ሳይሆን የጥቃቅን አበቦች ክምችት ነው። ስለዚህ መሀሉ በአንድ ክብ ቀለም አይደፈንም፤ በትንሽ ብሩሽ ጫፍ ይነጠባል። ቅጠሉ የሚሣለው ጫፉ ክብ በሆነ ጠፍጣፋ ብሩሽ ነው፦ ጫፉ ላይ ጫን፣ ወደ መሀል እየሳቡ ቀለል ማድረግ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ መደጋገሙ ያደክመዋል። ሁሉም አበባ ወደ ተመልካቹ ከዞረ ሜዳው የግድግዳ ወረቀት ይሆናል። ገሚሱ ጎን፣ ገሚሱ ጀርባውን ይስጥ፤ ከፊት ያሉት ጥቂቶች በዝርዝር ይሠሩ፣ የኋላዎቹ ነጠብጣብ ይሁኑ።

ቢጫውንም መረጥን። የሆቴሉ ሎቢ ትልቅ መስኮት አለው፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርቱ ናት። ቫን ጎህ እ.ኤ.አ. በ1888 አርል ላይ ሆኖ የሱፍ አበባዎቹን ሲሥል የተጠቀመው ክሮም ቢጫ ብርሃን ሲያገኘው ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀለም ነው። እኛ ግን ቱቦው ላይ የብርሃን መቋቋሚያ ደረጃውን አንብበን መግዛት እንችላለን። ርካሹን ቱቦ ለመለማመጃ ተውት።

ስድስቱም ጳጉሜን ውስጥ ተሰቀሉ። የግዥው ኃላፊ ፕላስተር አምጥተው አንዱ ጠርዝ ላይ ለጥፈው ሳቡት፤ ምንም አልተነሳም። ቫርኒሹን ሥዕሎቹ በደንብ እስኪደርቁ ብለን አቆየነው፤ መስከረም ላይ እዚያው ሎቢ ውስጥ ሌሊት፣ እንግዳ በሌለበት ሰዓት ሄደን ቀባነው። አሁን ወደ ስቱዲዮው የሚገባ ሸራ ሁሉ መጀመሪያ ልጁ ጋ ነው የሚሄደው። ጥጥና አልኮሉ እሱ ጋ ነው ያለው፤ እሱ እሺ ሳይል ጋሼም ብሩሽ አያነሱም።