የአስር ባዶ ሲዲዎች ማስታወሻ

ባዶ ሲዲዎቹን ገና ሳልነካቸው ማርከር አንስቼ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ጻፍኩባቸው። ራሴን ስለማውቅ ነው። ቁጥር ካልሰጠኋቸው የተበላሸውን ከደህናው ቀላቅዬ "ሲዲ መጻፊያው፣ ራይተሩ ነው የማይረባው" ማለቴ አይቀርም። እስካሁን ስድስቱን ተጠቅሜያለሁ። እንደኔ ገና የምትጀምሩ ካላችሁ፣ የትኛው በምን እንደሞተ ልንገራችሁ።

በዚህ ዘመን ሲዲ ለምን? አባቴ አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ አላቸው። ፍላሽ አይቀበልም፤ ብሉቱዝ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚወዷቸው ዘፈኖች ደግሞ ያሉት እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ያገለገለ ቀጭን ራይተር እጄ ሲገባ ልምምዱ ተጀመረ።

ሲዲ 1። የኤምፒስሪ ፋይሎቹን (ድምፁ ታምቆ የሚያንስባቸውን) ጎትቼ ከተትኩ። ከመቶ በላይ ዘፈን ገባልኝ፤ ደስታዬ ሌላ! ኮምፒውተሩ ላይ ያለችግር ይዘፍናል። የአባቴ ማጫወቻ ግን ትንሽ አሽከረከረውና "ዲስክ የለም" አለ። አባቴም "ባዶውን ነው እንዴ የሰጠኸኝ?" አሉኝ።

ባዶ አልነበረም። እኔ የጻፍኩት ዳታ ሲዲ፣ ማለትም ፋይሎችን እንዳሉ የሚያስቀምጥ ሲዲ ነው፤ ማጫወቻው የሚያውቀው ደግሞ ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡትን የሙዚቃ ሲዲ ደንብ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ድምፁ አይታመቅም፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ልኬት)፣ እያንዳንዱ ባለ 16 ቢት፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ይቀመጣል። ስለዚህ የምትቆጥሩት ሜጋባይት ሳይሆን ደቂቃ ነው። 700 ሜጋባይት የሚል ሲዲ 80 ደቂቃ ሙዚቃ ይይዛል፣ አለቀ። ፋይሉ የቱንም ያህል ቢያንስ የ5 ደቂቃ ዘፈን 5 ደቂቃ ይበላል። ሶፍትዌሩ ላይ "ኦዲዮ ሲዲ" የሚለውን ከመረጣችሁ ኤምፒስሪውን ራሱ ይለውጥላችኋል። መቶ ዘፈኔ ወደ አስራ ስምንት ወረደ። የትኛው ይቅር የሚለው ከአባቴ ጋር የአንድ ምሽት ክርክር ነበር።

ሲዲ 2። ይህን በደንብ ልተርከው፤ በጣም ያናደደኝም ብዙ ያስተማረኝም እሱ ነው። የራይተሩ ኬብል በኮምፒውተሩ በኩል ሁለት የዩኤስቢ ጫፍ አለው። አንዱን ሰካሁ፤ ሌላው መለዋወጫ መስሎኝ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፍጥነቱን የመጨረሻው ላይ፣ 24 ላይ (ከተራው የማጫወቻ ፍጥነት 24 እጥፍ ማለት ነው) አደረግሁና "ጀምር" አልኩ። 40 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ራይተሩ ቀጭ አለ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ጸጥ።

ሁለተኛው ጫፍ ለካ ለኃይል ነው። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው። ለማንበብ ይበቃው ይሆናል፤ ሲጽፍ ግን ሌዘሩ ከማንበቢያው በብዙ እጥፍ ይበረታል፣ ሞተሩም በፍጥነት ይሽከረከራል። ያኔ ኃይሉ ያንሰዋል።

ከመጣሌ በፊት ሲዲውን መብራት ሥር አገላበጥኩት። በሚያብረቀርቀው ፊቱ ላይ፣ ከመሃሉ ቀዳዳ ዙሪያ የሚነሳ ጠቆር ያለ ቀለበት አለ። ቀለበቱ በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ድንገት ያልቅና ነጣ ያለው ያልተነካ ክፍል ይጀምራል። የሞተበት ቦታ በዓይን ይታያል! ጽሑፉ ከመሃል ወደ ዳር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ ነው የሚሄደው። ከፕላስቲኩ ጀርባ ስስ የቀለም ሽፋን አለ፤ ሌዘሩ ያንን እያጋለ ብርሃን የማያንጸባርቁ ደቃቅ ነጥቦች ይተውበታል። አንዴ የተቃጠለ ቀለም አይመለስም። አሁን ያልተጻፈበትን ሲዲ ከተጻፈበት ለመለየት ኮምፒውተር አልከፍትም፤ ገልበጥ አድርጌ ማየት ይበቃኛል።

በነገራችን ላይ ድሮ ሲዲ ለማበላሸት ኃይል መቋረጥም አያስፈልገውም ነበር። ኮምፒውተሩ ለአፍታ ዳታ ማቀበል ካቃተው ሌዘሩ የሚጽፈው ያጣል፣ ሲዲውም ውሃ ይበላዋል። የጃፓኑ ኩባንያ ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ መፍትሔ ይዞ መጣ፦ ራይተሩ ቆም ብሎ ይጠብቅና ከቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ወዲህ የመጡት በአብዛኛው ይህ ዓይነት መከላከያ አላቸው። ኃይል ሲጠፋ ግን አያድንም።

ሲዲ 3። ሁለቱንም ጫፎች ሰካሁ፣ ፍጥነቱን ወደ 8 አወረድኩ። የ74 ደቂቃ ሙዚቃ አስር ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ያለስህተት አለቀ። ማጫወቻው አሁንም "ዲስክ የለም"! እዚህ ጋ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ችግሩ ያልተመረጠች አንዲት ሳጥን ሆና ተገኘች፦ "ዲስኩን ዝጋ"። ሲዲው ካልተዘጋ የዘፈኖቹ ማውጫ በመሃሉ መጀመሪያ ላይ አይጻፍም፤ ተራ ማጫወቻ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ነው። መልሼ ከትቼ ዘጋሁት፣ ዘፈነ። አባቴ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

አንዲት ቅሬታ ግን ነበረቻቸው። ከመድረክ የተቀዱት ዘፈኖች ላይ፣ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ ጭብጨባው መሃል ላይ ሁለት ሰከንድ ጸጥ ይላል። ትራክ በትራክ፣ ማለትም ሌዘሩ በየዘፈኑ መሃል እየቆመ ስለጻፍኩ ነው። ሲዲ 4ን "ዲስክ አት ዋንስ" በሚለው፣ ሌዘሩ ሳይቋረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፍኩት። ጭብጨባው ተጋጠመ።

ሲዲ 5። የፎቶ ሲዲ፣ ፍጹም ደህና የነበረ። ማርከሩ አጠገቤ ስላልነበር በእስክሪብቶ ጫን አድርጌ "የቤተሰብ ፎቶ" ብዬ ጻፍኩበት። ሁላችንም የምንጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው፤ በዚያ በኩል ግን ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ፕላስቲክ ይጠብቀዋል። ከላይ በኩል ቀለሙንና ብርሃን የሚያንጸባርቀውን ስስ ብረት የሚሸፍነው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ወደ መብራት ሳነሳው "ፎ" ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን አየሁ። ሦስት ፎቶ አልከፈት አለ።

ሲዲ 6 ላይ እነዚያኑ ፎቶዎች እንደገና ጻፍኩ፤ ስለሱ የሚወራ የለም። "ከጻፍክ በኋላ አረጋግጥ" የሚለውን መርጬ ነበር፤ ሶፍትዌሩ የተጻፈውን ከዋናው ጋር አስተያይቶ ደህና ነው አለኝ።

ለልምምድ የሚደመሰስ ሲዲ፣ አርደብልዩ የሚሉትን፣ ብጠቀም ይሻለኝ ነበር። አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይደመሰሳል ይባላል። ሆኖም ከተራው በጣም ያነሰ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ አሮጌ ማጫወቻዎች ብዙውን ጊዜ አያነቡትም። ለአባቴ አይሆንም።

ሲዲ 7 አሁን ራይተሩ ውስጥ ነው። አባቴ በክርክሩ ምሽት የተሸነፉባቸው ዘፈኖች ናቸው። 62 በመቶ ደርሷል፤ እስኪጨርስ ጠረጴዛውን የሚነካ የለም።