ሴልስ ታክሱን የሰበሰበው ገበያው፣ ደብዳቤው የመጣው ለእኔ

እዚህ አሜሪካ በአንድ ትልቅ የኦንላይን ገበያ ላይ የሐበሻ ቀሚስ፣ ጀበናና ስፌት እሸጣለሁ፤ በጎን ደግሞ የራሴ ድረ ገጽ አለኝ። ስጀምር ያማከርኩት ሰው ሁሉ "ምን አስጨነቀሽ እህቴ፣ ሴልስ ታክሱን ገበያው ራሱ ይሰበስባል" ብሎኛል። (ሴልስ ታክስ ስቴቱ በሽያጭ ላይ የሚጥለው፣ ሻጩ ከገዢው ተቀብሎ ገቢ የሚያደርገው ታክስ ነው።) እውነት ነው፣ ይሰበስባል። መሰብሰቡን የማስረዳት ሸክሙ ግን በሻጩ ትከሻ ላይ እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም።

ሕጉ ከየት መጣ ለምትሉ፣ በአጭሩ እንዲህ ነው። እስከ 2018 ድረስ አንድ ስቴት ሴልስ ታክስ ሰብስብ ብሎ ማስገደድ የሚችለው እዚያው ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ሠራተኛ ያለውን ሻጭ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ጁን ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳውዝ ዳኮታና የቤት ዕቃ በኦንላይን በሚሸጠው በዌይፌር ኩባንያ ክርክር 5 ለ 4 ወስኖ ይህን ሻረው። ከዚያ በኋላ ስቴቶቹ ሚሊዮን ትንንሽ ሻጮችን ከማሳደድ ገበያዎቹን መያዝ ቀለላቸውና፣ በገበያው በኩል ለሚሸጥ ዕቃ ታክሱን ገበያው ይሰብስብ፣ ገቢም ያድርግ አሉ። ሴልስ ታክስ ካላቸው ስቴቶች ሕጉን መጨረሻ ላይ ሥራ ላይ ያዋለችው ሚዙሪ ናት፣ በጃንዋሪ 2023።

ንግዱን ማስመዝገብ፣ የታክስ ቁጥር ማውጣት፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፤ ይህ ሁሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚያልቅ ነው። የሴልስ ታክስ ፐርሚቱም፣ ማለትም ታክሱን ለመሰብሰብ ስቴቱ የሚሰጠው ፈቃድ፣ እንደዚያው። እኔ በድረ ገጼ ለምኖርበት ስቴት ሰዎች ስለምሸጥና ዕቃ ለሽያጭ ያለ ታክስ ስለምገዛ የግድ ያስፈልገኝ ነበር።

ጣጣው የጀመረው የመጀመሪያውን ሪፖርት ፋይል ሳደርግ ነው። ቅጹ ላይ "ጠቅላላ ሽያጭ" የሚል መስመር አለ። በገበያው በኩል የሸጥኩትንም እዚህ ልጨምር? ወደ ስቴቱ የታክስ ቢሮ ደወልኩ። ሙዚቃውን ከጠገብኩ በኋላ ያነሳችው ሴት ቁርጥ አድርጋ መለሰችልኝ፦ አትጨምሪ፣ ገበያው ሪፖርት ስለሚያደርገው ድርብ ይሆናል። አመስግኜ የድረ ገጼን ብቻ ጻፍኩ። በየጊዜው እንዲሁ ቀጠልኩ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ገበያው የላከውን 1099-ኬ (በዓመቱ በእሱ በኩል ስንት እንደሸጥኩ የሚያሳውቅበትን ቅጽ) ከእኔ ሪፖርት ጋር አስተያይተው ልዩነቱን ሙሉውን "ያልተገለጸ ሽያጭ" ብለውታል። በላዩ ታክስ፣ በታክሱ ላይ ቅጣት፣ በዚያ ላይ ወለድ። ገበያው ከገዢው ተቀብሎ ያስገባውን ታክስ እኔ ከኪሴ እንድደግመው ማለት ነው። ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። 1099-ኬ ላይ ያለው ቁጥር የአገር ምድሩን ሽያጭ ይዟል፤ ተመላሽ ያደረግኩት፣ የመላኪያው፣ ገበያው የቆረጠው ኮሚሽን ሁሉ ሳይቀነስ። ወደ ኦሃዮና ወደ ጆርጂያ የላክሁትን ቀሚስ የእኔ ስቴት ምን አግብቶት ነው ሴልስ ታክስ የሚጠይቅበት?

ደብዳቤው ላይ ስሙ ያለው ሰውዬ ጋ ደወልኩ። በትሕትና፣ ግን እንደ ሕፃን እያስረዳኝ፣ የገበያው ሽያጭ ጠቅላላው ውስጥ ገብቶ ቀጥሎ ባለው የተቀናሽ መስመር ላይ መውጣት ነበረበት አለ። የእናንተው ሰው ተዪው ብላኛለች አልኩት። ስሟን ጠየቀኝ፤ አልያዝኩም። በስልክ የተባለ ነገር እንደ ማስረጃ አይቆጠርም አለኝና ገበያው ታክሱን እንደሚሰበስብ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ጠየቀ።

ገበያው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። "ስለጻፉልን እናመሰግናለን" ብሎ የሚጀምር፣ ያልጠየቅሁትን የሚመልስ፣ ከዚያ "ጉዳይዎ ተፈቷል" ብሎ ራሱ የሚዘጋ መልስ። በየጊዜው ስሙ የሚለያይ ሰው ያንኑ አንቀጽ ይለጥፍልኛል። ያሰብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ማስረጃው ለካ እዚያው አካውንቴ ውስጥ ነበር፤ አንዳቸውም እዚያ ነው አላሉኝም። በታክስ ሰነዶች ክፍል ውስጥ ገበያው በየትኞቹ ስቴቶች እንደሚሰበስብ የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀምጧል። ሁለተኛው ደግሞ የወሩ ግብይት ዝርዝር ነው። አንዷን መስመር ልንገራችሁ፦ ጀበና፣ 40 ዶላር፤ ቀጥሎ ታክስ 2.40፤ ወደ ቀኝ ርቆ "ገበያው የያዘው ታክስ" በሚለው አምድ ሥር ደግሞ −2.40። ይቺ የመቀነሻ ምልክት ናት ጠበቃዬ። ገንዘቡ እጄ ገብቶ እንደማያውቅ የምትመሰክረው እሷ ብቻ ናት።

ዝርዝሩን ሁሉ አውርጄ በገዢው ዚፕ ኮድ ለየሁት። ከ1099-ኬው ቁጥር ተነስቼ ወደ ሌላ ስቴት የተላከውን ቀነስኩ፤ የቀረውን ከነመቀነሻ ምልክቱ ከገበያው ደብዳቤ ጋር አያይዤ፣ የቀድሞዎቹን ሪፖርቶችም አስተካክዬ ላክሁ። ብዙ ቆይቶ ሁለት መስመር መልስ መጣ፦ ክፍያው ተሰርዟል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም።

እንግዲህ የእኔ ምክር፦ የታክስ ቢሮ አትደውሉ። በኦንላይን አካውንታችሁ በኩል በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱን አስቀምጡ። የወሩን ዝርዝር በየወሩ አውርዱ፤ አካውንታችሁ አንድ ቀን ቢታገድ ማስረጃችሁም አብሮ ይታገዳል። ቢሮዎቹ ሰነድ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ያዙ ይላሉ፣ እኔ አንዱንም አልጥልም። ፐርሚት ካላችሁ ሽያጭ ባይኖርም ዜሮ ብላችሁ ፋይል አድርጉ። ቴክሳስን ብንወስድ ታክሱ ዜሮ ቢሆንም ለዘገየ ሪፖርት 50 ዶላር ታስከፍላለች።

ሶፍትዌር ሻጮችና አንዳንድ አካውንታንቶች በየስቴቱ ተመዝገቡ ይላሉ። እኔ ደግሞ ሳይደርስባችሁ አትመዝገቡ እላለሁ፤ እያንዳንዱ ፐርሚት የራሱ ፋይል አለው። ብዙ ስቴቶች ውጭ ያለን ሻጭ የሚይዙት ወደዚያ የሸጠው በዓመት 100,000 ዶላር ሲያልፍ ነው፣ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ 500,000። አንዳንዶቹ ላይ የነበረውን የ200 ሽያጭ ገደብ ሳውዝ ዳኮታ ራሷ በ2023 ጥላዋለች። ልብ በሉ፣ በገበያው የሸጣችሁትን ቴክሳስ ለገደቡ ትቆጥረዋለች፣ ፍሎሪዳ አትቆጥረውም።

ዕቃን በገበያው መጋዘን ማስቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እነሱ ወደፈለጉበት ስቴት ያዛውሩታል፣ በብዙ ቦታም ዕቃችሁ እዚያ መገኘቱ እንደ ሱቅ ይቆጠራል። ለዚህ ስል ፖስታ ቤት መመላለሱን መርጬ ሁሉንም ከቤቴ እልካለሁ።

በጁላይ ለሐበሻው የስፖርት ፌስቲቫል ድንኳን የምትተክሉ ደግሞ፣ ከተማው በየዓመቱ ስለሚቀያየር ያ ስቴት ለጊዜያዊ ሻጭ የሚሰጠውን ፐርሚት ከመሄዳችሁ በፊት አውጡ። እዚያ ታክሱን የሚሰበስብላችሁ ገበያ የለም፣ የዶላር ገደቡም አያድናችሁም። ደግሞም ሚኒሶታ ከሆነ ቀሚሱ ላይ ሴልስ ታክስ የለም፣ ጀበናው ላይ አለ፤ የገንዘብ መቀበያ ማሽናችሁ ላይ የሁለቱን ታክስ አስቀድማችሁ ለየብቻ ሙሉት።