የበገና ንዝረት እንዳይጠፋ

ሁዳዴ በደረሰ ቁጥር በገና ከየሬዲዮውና ከየስልኩ ይሰማል። ተማሪውም በዝቷል፤ በሰንበት ትምህርት ቤቱም በግል ማሠልጠኛውም ወጣቶች በገና ታቅፈው ይታያሉ። ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዜማው ልክ፣ ግጥሙ ልክ ሆኖ፣ የሚሰማው ድምፅ ግን የወፍራም ክራር ድምፅ የሆነበት አደራደር እየተለመደ ነው። ዜማ በቅጂ ይተርፋል። እንዚራን፣ ማለትም ከአውታሩ ሥር የምትገባውን የቆዳ ቁራጭ፣ ማስተካከልና ጣትን ማሳረፍ ግን ከመምህር እጅ ካልተወሰዱ አይገኙም። ስለ ጥንቱ አደራደር መጠበቅ ሲነሳ ሁሉም ስለ መዝሙሮቹ ያወራል፤ እኔ ቀድሞ የሚጠፋው እነዚህ ሁለቱ ናቸው እላለሁ።

የበገና በርኩማ፣ አውታሮቹን የሚሸከመው የእንጨት ድልድይ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል የታጠፈች ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። እንዚራዋ አውታሩን ከእንጨቱ ላይ በጣም በጥቂቱ ታነሳዋለች። አውታሩ ሲደረደር እየተወዛወዘ የበርኩማውን ፊት ደጋግሞ ይነካል፤ የሚነዝረው ድምፅ ከዚያ ንክኪ ይወጣል። ህንዶችም ታምፑራ ላይ በአውታሩና በድልድዩ መካከል ቀጭን ክር እያስገቡ ተመሳሳይ ንዝረት ያወጣሉ።

አስተካከሉ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አሥሩም አውታሮች ወደ ቅኝታቸው ተጠግተው መወጠር አለባቸው። አንዱን ብቻ ወጥሮ እንዚራውን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ ሌሎቹ ሲወጠሩ በርኩማውን ገበቴውን ወደሸፈነው ቆዳ ይጫኑታል፣ በርኩማው ትንሽ ዝቅ ሲል የመጀመሪያው አውታር ሥራ ይበላሻል። አሥሩም ከተወጠሩ በኋላ ከወፍራሙ ተጀምሮ እንዚራዎቹ አንድ በአንድ ይስተካከላሉ። እንዚራዋ አውታሮቹ ከላይ በሚታሰሩበት በቀንበሩ በኩል ወዳለው የበርኩማ ጠርዝ ስትጠጋ አውታሩ እንጨቱን አይነካም፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ደረቅ ይሆናል። ወደ ኋላ ስትሳብ መነዘር ይጀምራል። አብዝተው ከሳቧት አውታሩ እንጨቱ ላይ ተኝቶ ይታፈናል፤ አንዴ ጮኾ ወዲያው ይሞታል። ትክክለኛው ቦታ በሁለቱ መካከል ያለ በጣም ጠባብ ስፍራ ነው። አውታሩ ከተደረደረ በኋላ ንዝረቱ ከድምፁ ጋር አብሮ እየሳሳ እስከ መጨረሻው ከቆየ ተገኝቷል ማለት ነው። እንዚራዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር የአውታሩ ቅኝት በጥቂቱ ስለሚዛባ መቃኛው ዳግም ይነካል፣ እንዚራዋም ዳግም ትታያለች። ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይተዋል፤ ብዙ በገናዎች ሳይነዝሩ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ቆዳዋ ስስና ለስላሳ መሆን አለባት። ከጊዜ ብዛት ትደርቃለች፣ አውታሩም ይቦረቡራታል። ያን ጊዜ ቦታዋን መቀያየር አይረዳም፤ ከለስላሳ የበግ ቆዳ አዲስ መቁረጥ ይሻላል። ዐሥሯ ሁሉ አንድ ውፍረት ይኑራት ማለትም ስሕተት ነው፤ ወፍራሙ አውታር ሰፋ አድርጎ ስለሚወዛወዝ ከቀጭኑ የተለየ ክፍተት ይፈልጋል።

የአውታሩ ነገር ደግሞ አለ። የጥንቱ ከበግ አንጀት የተገመደ ነው። ዛሬ ናይለን በዝቷል፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ አይበጠስም፣ ለጀማሪ አልከለክለውም። ነገር ግን ናይለን ከአንጀት ይቀልላል። በአንጀቱ ውፍረት የገባ ናይለን ያንኑ ዝቅተኛ ድምፅ እንዲሰጥ መላላት አለበት፤ የላላ አውታር በርኩማው ላይ ያለ ሥርዓት ይንጫጫል። ናይለን የሚያስገባ ሰው ወፈር ያለ ይምረጥ፤ አዲስ ናይለን ለብዙ ቀን ስለሚለጠጥም እንዚራውን ለማስተካከል አይቸኩል። አንጀት በበኩሉ እርጥበት ይስባል። በክረምት ገበቴውን የሸፈነው ቆዳም ይላላል፤ በርኩማው ይሰምጣል፣ ቅኝቱ ይወርዳል፣ ንዝረቱም ይለወጣል። በገናውን ወደ እሳት ማስጠጋት ቆዳውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ደረቅ ክፍል ውስጥ ማቆየትና ከመደርደር በፊት ረጋ ብሎ መቃኘት ይበቃል።

ወደ ጣት ልምጣ። ታዋቂው የበገና ደርዳሪና መምህር መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ከአሥሩ አውታሮች ስድስቱን ብቻ ይደረድራሉ፤ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን፣ 8ኛውንና 10ኛውን። የግራ እጅ ጣቶች እያንዳንዳቸው አንድ አውታር ሲይዙ አመልካች ጣት ሁለት ይይዛል። የቀሩት አራቱ ለጌጥ የገቡ አይደሉም። ጣት አውታሩን ከደረደረ በኋላ በአጠገቡ ባለው ዝም ባለ አውታር ላይ ያርፋል። ይህ ማረፊያ የምቱን ኃይል እኩል ያደርጋል፤ የተደረደረውም አውታር ሳይነካ እስኪጨርስ ይነዝራል። ማረፍ ያልተማረ ጣት ወደ አየር ይዘላል። ሲዘል አንዱ ምት ይጮኻል፣ ሌላው ይሰልላል፣ ፍጥነቱም ሳይታወቅ ይጨምራል። በገና ሲፈጥን ንዝረቱ ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል፤ ቃሉም አይሰማም። አሥሩንም የሚደረድሩ፣ በድህንጻ፣ ማለትም በመምቻ፣ የሚመቱም አሉ፤ ያም የቆየ መንገድ ነው። የጣቱን መንገድ ተምሮ ማረፊያውን መዝለል ግን ሌላ ስልት አይሆንም፤ ጉድለት ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ግጥም ሳይጨመር አንድ አጭር ድርደራ ብቻ ይያዝ። በዝግታ፣ እያንዳንዱ ጣት ሲያርፍ ዐይን እያየ ይደጋገም። ጣቱ ሳይታይ ሲያርፍ ብቻ ድምፅ ይግባ። ድምፁም ለሆሳስ ይሁን፤ አውታሩን የሚሸፍን ጩኸት ንዝረቱን ሁሉ ያጠፋል።

ቅኝትን በስልክ መቃኛ ማድረግም ተለምዷል። ለትዝታ ቅኝት ብዙ አይጎዳም ይሆናል። አንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ግን በድምፆቹ መካከል ያሉት ጠባብ ርቀቶች ከፒያኖ ቁልፍ ጋር በትክክል አይገጥሙም፤ መሣሪያው «ልክ ነው» ያለው በአረጋዊ ደርዳሪ ጆሮ ልክ አይደለም። አንዱ አውታር ብቻ በመሣሪያ ተይዞ ሌሎቹ በጆሮ ቢቃኙ ይሻላል።

ይህ ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው ነው የመጣው። ዓለሙ አጋ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ሲቋረጥ የተጎዳው ይህ ቅብብል ነበር። ዛሬ በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ያለ ተማሪ ከመምህሩ ጋር የሚገናኘው በስልክ ነው። ይህን አልነቅፍም፤ አቀራረጹ ግን ይታሰብበት። ካሜራው ከፊት ብቻ ሲሆን የሚደረድሩት ጣቶች ከአውታሮቹ ኋላ ይቀራሉ፤ ሁለተኛ ቀረጻ ከደርዳሪው ትከሻ በላይ፣ ሦስተኛ ደግሞ በርኩማውን ከቅርብ ይያዝ። የስልኩ ድምፅ ማጣሪያ ይጥፋ፤ ማጣሪያው የእንዚራውን ንዝረት እንደ ረብሻ ቆጥሮ ሊቆርጠው ይችላል። የመድረክ ድምፅ ባለሙያም ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ድምፅ እንዳይቀንስ አስቀድሞ ይነገረው። የሚቀረጸውም መዝሙሩ ብቻ አይሁን፤ መምህሩ እንዚራውን ሲስብ፣ ሲያበላሽ፣ እንደገና ሲያቃና፣ ከአንደኛው እስከ አሥረኛው አውታር ሳይቆረጥ ይቀረጽ።