24 የሮማን እንጨት

የካቲት ላይ 24 የሮማን ቁራጭ በ24 ፕላስቲክ ተከልሁ። በሦስተኛው ሳምንት 20ው አቆጠቆጠ። ፎቶ አንስቼ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁት፤ ለጎረቤቴም ሁለት ችግኝ ቃል ገባሁላት። የሐዋሳ ፀሐይ ግን በአምስተኛው ሳምንት ሁሉንም አጠወለገብኝ። አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥር የሚባል ነገር የለውም። ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ እብጠት፣ ሌላው እንደ ቆረጥሁት ነው።

ለካ እንጨቱ የሚያቆጠቁጠው ውስጡ ባጠራቀመው ስንቅ ነው። ቅጠሉ ከወጣ በኋላ ውኃ ያተናል፣ ከታች የሚተካለት የለም፤ ስንቁ ሲያልቅ ያልቃል።

ነገሩን ያስጀመረኝ ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ላርች የሚባል የብርድ አገር ዛፍ ነው። የጥድ ዘመድ ሆኖ ሳለ በብርድ ወራት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ሰውዬው ቅጠሉ በረገፈበት ጊዜ ቆርጦ አሸዋ ውስጥ ይሰካዋል። ካረጀ ላርች የተቆረጠ ሥር ማውጣት እንደሚያስቸግረው፣ ከልጅ ዛፍ የተቆረጠው እንደሚሻል ተናግሮ ነበር። ያኔ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

አክስቴ ጋ ሄጄ ሳማርር ሮማኑን አየት አደረገችና «አንተ ልጅ፣ ከዚህ ሁሉ ሽማግሌ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ውለድ ትለዋለህ?» አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከግንዱ ሥር የበቀሉትን ቀጫጭን ለጋዎች አሳየችኝ። እኔ እኮ ወፍራምና ቀጥ ያለ መርጬ፣ መሰላል ተውሼ ነበር ከላይ የቆረጥሁት!

ሰኔ ላይ ከነዚያው፣ ዓመት የሞላቸውንና እርሳስ የሚያካክሉትን እንደገና 24 ወስጄ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ቆረጥሁ። ከታች ከዓይኑ (ቅጠል ከሚያቆጠቁጥበት ጉጥ) በታች ቀጥ አድርጌ፣ ከላይ ሰያፍ። ሰያፉ ምልክት ነው፤ ተገልብጦ የተተከለ ሥር አይሰድም፣ የየካቲቶቹን ደግሞ ስንቱን ገልብጬ እንደ ተከልሁ እግዜር ይወቀው። አፈሩን ተውሁት። ብሎኬት ከሚሠሩት ጎረቤቶች ፑሚስ (ቀላሉን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ለመንሁና በባለቤቴ ወንፊት ነፍቼ (አላወቀችም፣ አሁን ታነበዋለች) ከአሸዋ ጋር እኩል ቀላቀልሁት። ከላይ አንድ ዓይን ብቻ እስኪቀር ቀበርኋቸው፤ ቦታቸው ማንጎው ጥላ ሥር ሆነ። ውኃውንም ቀነስሁ። በየካቲት ጠዋትና ማታ ሳጠጣ የአንዳንዶቹ ግርጌ ጠቁሮ ይሸት ነበር፤ አሁን ጣቴን ሰድጄ ደረቅ ካልሆነ አልነካቸውም።

እየነቀሉ ማየት ሱስ ነው። የፈቀድሁት ለራሴ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሁለት ጣት ይዞ በቀስታ ሳብ ማድረግ። በስድስተኛው ሳምንት አንዱ እምቢ አለኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በፕላስቲኩ ቀዳዳ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር ብቅ አለ።

ከ24ቱ 15 ያዙ። ሦስቱን የአክስቴ ዶሮዎች ጭረው ጥለዋቸዋል። ጎረቤቴ የየካቲቱን ቃል አልረሳችም፣ ፌስታል ይዛ መጥታ ሁለቷን ወስዳለች።