አረንጓዴዋ ሽቦ

ቤት ያለው ኢንተርኔት እየተንቀረፈፈ ቪዲዮ እንኳ አላሳይ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ የመስመር ቴክኒሻኑ መጣ። ራውተሩን ዞር ብሎም አላየው። ቀጥ ብሎ ግድግዳው ላይ ያለችውን የስልክ ሳጥን ፈታና «ይኸውልህ» አለኝ። የመዳብ ሽቦው መጋጠሚያው ላይ አረንጓዴ ሆኗል። እርጥበት በልቶታል። ጫፉን ቆረጠ፣ ላጠ፣ አጥብቆ አሰረ። ቪዲዮው መንቀርፈፉን ተወ።

ስንቱ ሰው ነው በዚች ጫፍ ምክንያት አዲስ ራውተር የሚገዛው?

«ግን የመስመሩ ፍጥነት ጣሪያ አለው» አለኝ ዕቃውን እየሰበሰበ። እውነቱን ነው። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ፣ ማለትም በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት፣ በወረቀት ላይ እስከ 24 ሜጋቢት በሰከንድ ያወርዳል። ሽቦው ከሚነሳበት የስልክ ማዕከል በራቃችሁ ቁጥር ግን ይደክማል፤ 5 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። በዚሁ ሽቦ የሚመጣው አዲሱ ዓይነት፣ ቪዲኤስኤልም፣ ፈጣን የሚሆነው ለቅርብ ሰው ነው።

ሩቅ ከሆናችሁ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ 4ጂ ራውተር ሊሻል ይችላል። መስኮት ዳር አስቀምጡት፣ ቢቻል ወደ አንቴናው ማማ በሚያየው በኩል። ማታ ማታ ሰው ሲበዛበት ግን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማታ ሳትሞክሩት አትግዙ።

ከሁሉም በፊት ላፕቶፑን ራውተሩ ላይ በኬብል ሰክታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ ከተጎተተ፣ መስመሩን አትውቀሱት። ራውተሩን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጡት።